የ6 ቮልቷ ሆንዳ፦ የመብራት ብልሽት ፍለጋ ከደምበጫ

ጥቅምት 24

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱም ስለደረቀ የአጎቴን ሞተር ዛሬ ጀመርኳት። ሆንዳ ሲጂ 125 ናት፣ ባለ 6 ቮልት። ሆንዳ ይህን ሞዴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አቧራና ጭቃ ለማይለየው መንገድ፣ መካኒክ በቅርብ ለማይገኝበት አገር ታስቦ የተሠራ ነው። ሞተሩ ብዙ ይችላል። ሽቦው ግን ከሞተሩ እኩል አያረጅም፤ ቀድሞ ያረጃል።

አጎቴ በግብርና ባለሙያነት ከቀበሌ ቀበሌ የዞሩባት ናት። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያወጣት ለሌላ ሰው አሳልፈው አልሰጧትም። ዛሬም ፍኖተ ሰላም ገበያ ደርሰው የሚመለሱት በእሷ ነው። «ሲመሽብኝ ከኋላ የሚመጣው ሲኖ በምን ያየኛል?» አሉኝ። ሥራው ለዚህ ነው። ለጌጥ አይደለም።

የምታሳየውን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። በእግር ስትመታ ቶሎ ትነሳለች። የግራ ፍሬቻ ይበራል ግን አይርገበገብም። ክላክሱ ያቃስታል። ፍሬን ሲረገጥ የኋላው ቀይ መብራት ደክሞ ይበራል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ የፍጥነት መለኪያዋ ትንሽ መብራት ትበራለች። ዋናው መብራት ጠፍቶ እያለ ማለት ነው። ፊውዝ አንዳንዴ በድንገት ይቃጠላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ቀጥ ይላል፤ ሲበርድ ይነሳል።

ከዚህ በፊት ከተማ ጋራዥ ወስደዋት ነበር። ፍሬቻውን የሚያርገበግበውን ፍላሸር ቀየሩላቸው። አልተሻላትም። ቀጥሎ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚያመነጨው ቦቢና ይቀየር ተባለ፣ ከዚያ ሽቦው በሙሉ ይቀየር ተባለ። ማንም መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አላወጣም። እኔ ከመጀመሪያው የያዝኩት አቋም አንድ ነው፤ ሳልለካ ምንም ዕቃ አልቀይርም።

ጥቅምት 26

የፊት መብራቱን ጎድጓዳ ከፈትኩት። የሽቦው ሁሉ መገናኛ እዚያ ውስጥ ነው። አሮጌ ሆንዳ ላይ ቀለሙን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። አረንጓዴ ማሳ ነው፤ ማሳ የምለው ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው፣ ሽቦውንም ሻሲውንም። ቀይ ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥታ የሚመጣው ነው። ጥቁር ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኘው ነው። ብርቱካናማ የግራ ፍሬቻ፣ ውሃ ሰማያዊ የቀኝ ፍሬቻ፣ ቡናማ የኋላ መብራት፣ አረንጓዴ ባለ ቢጫ መስመር የፍሬን መብራት ነው። ጥቁር ባለ ነጭ መስመሩ ደግሞ ሞተሩን የሚያጠፋው ሽቦ ነው። ይኼን የመጨረሻውን አስታውሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህች ሞተር ላይ ግን ቀለሙ ተበላሽቷል። አንድ ሰው ከመሪው እስከ ወንበሩ ሥር የቤት መብራት ሽቦ ዘርግቶባታል፤ ያንን አንድ ወፍራም መዳብ ያለውን። የቤት ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ነው። ሞተር ላይ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ሲያድር ውስጡ ይሰበራል፤ ፕላስቲኩ ግን ጤነኛ ይመስላል። ለሞተር ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ ነው የሚሆነው። አንዱን በጣቴ እጥፍ ዘርጋ አደረግኩት። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ቀጭ አለ።

ፊውዙ ቤት ውስጥ ያገኘሁት ደግሞ ፊውዝ አልነበረም። የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ገብቷል። እዚህ ላይ ልቆጣ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በመዳብ ከተካችሁት ቀጥሎ የሚቃጠለው ከቤንዚን ታንኩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ነው። ታንኩን አንስቼ ሳየው ቀዩ ሽቦ ለአንድ ክንድ ያህል ፕላስቲኩ ቀልጦ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቋል። ሰው ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ነበር ሲሄድ የነበረው።

ጥቅምት 30

ዛሬ ፊውዙን የሚያቃጥለውን ሾርት፣ ማለትም ኃይል ያለው ሽቦ ማሳን የሚነካበትን ቦታ፣ ፍለጋ ነው።

ፊውዝ እየገዙ ማቃጠል ፋይዳ የለውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በፊውዙ ቦታ ባለ 6 ቮልት የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አስገባሁ። ሾርት ካለ ኃይሉ ሁሉ በአምፖሉ በኩል ያልፋል፣ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ሌላ የሚቃጠል ነገር የለም። ሾርቱ ሲለቅ አምፖሉ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሽቦውን እየነካኩ አምፖሉን ማየት ብቻ ነው።

ቁልፉን ከፈትኩ። አምፖሉ ደከም ብሎ በራ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ለውጥ የለም። ወደ ግራ እስከ ጥጉ ሳዞረው ቦግ አለ። መለስኩት፣ ደከመ። እንደገና ወደ ግራ፣ ቦግ። አጎቴ አጠገቤ ቆመው «አቤት!» አሉ። ለካ ፊውዙ የሚቃጠለው ሁልጊዜ ከዋናው መንገድ ወደ ቤታቸው ሲታጠፉ ነበር። ወደ ግራ ነው የሚታጠፉት።

ቦታው የመሪው አንገት ነው። የሽቦው ጥቅል ከሻሲው ጋር የሚፋተግበት ነጥብ። ናስትሮውን ስልጠው ጥቁሩ ሽቦ ጎኑ ተገልጦ መዳቡ ያበራል፤ ትይዩ ሻሲው ላይ ቀለሙ ተልጦ ትንሽ ጥቁር ጠባሳ አለ። የተጎዳውን ቆርጬ አወጣሁ። አዲስ ክር ሽቦ አስገባሁ፤ መሪው ወዲህ ወዲያ ሲል እንዳይወጠር ትንሽ አስረዘምኩት። ከዚያ በቀጭን የጎማ ቱቦ አለበስኩት። የሕክምና ቱቦም ይሆናል፤ ቤንዚን ከሚነካው ቦታ ብቻ አርቁት።

ኅዳር 3

ስታኞ፣ ማለትም ሽቦ የሚያያይዘውን ቀላጭ ብረት፣ ለመምታት የኤሌክትሪክ መበየጃውን እንደሰካሁ መብራት ሄደ። እስከ ማታ አልመጣም። ገበያ ዳር ኩራዝ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ቆርቆሮ የሚበይዱት በድሮው መበየጃ ነው፤ ጫፉ ወፍራም መዳብ፣ እጀታው እንጨት፣ ከሰል ውስጥ የሚግል። «አባቴ፣ ለዛሬ ያውሱኝ» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከነከሰሉ ሰጡኝ።

ሥራው ደስ ይላል። መዳቡ ሲግል በጨርቅ ጠረግ ታደርጉታላችሁ፣ ስታኞውን ነካ ሲያደርጉት እንደ ውሃ ይፈሳል። ሙቀቱ ብዙ ስለሚይዝ አንዴ ግሎ ሦስት አራት መገጣጠሚያ ይሠራል። ዋናው ነገር ሽቦውን ማሞቅ ነው። ስታኞው የሚቀልጠው በሽቦው ሙቀት መሆን አለበት። መበየጃው ላይ አቅልጣችሁ ሽቦው ላይ ብታንጠባጥቡት የተያዘ ይመስላል እንጂ አልተያዘም።

አባት አሲዳቸውንም ሊሰጡኝ ነበር። ለቆርቆሮ ይሆናል። ለኤሌክትሪክ ሽቦ ግን አይሆንም፤ አሲዱ ክሮቹ መሐል ገብቶ ይቀርና ቀስ በቀስ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። ውስጡ ሮሲን የሚባለው የዛፍ ሙጫ ያለበትን የሬዲዮ ስታኞ ተጠቀምኩ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ሞተሯን አልነካሁም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሬን ይዤ ስሌት ስሠራ ዋልኩ። ስሌቱ የ6 ቮልት ሞተር ለምን እንደሚያስቸግር በደንብ ያሳያል።

የፍሬቻዎቹ አምፖሎች ላይ 18 ዋት ይላል። በአንድ ጊዜ የፊትና የኋላ ሁለት ይበራሉ፣ 36 ዋት። በ6 ቮልት ይህ 6 አምፔር ነው። በ12 ቮልት ቢሆን 3 አምፔር ብቻ ነበር። አሁን መንገዱ ላይ አንድ የዛገ ማያያዣ አለ እንበል፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኃይሉን የሚያግድበት መጠን፣ አንድ አሥረኛ ኦም። በ6 አምፔር እዚያ ላይ 0.6 ቮልት ይቀራል። ከ6 ቮልት ላይ አሥር በመቶ ሄደ ማለት ነው። በ12 ቮልት ሞተር ላይ ያው ዝገት የሚወስደው 0.3 ቮልት ነው፤ ሦስት በመቶ አይሞላም። አራት እጥፍ ልዩነት ነው። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ እሱ ብዙ ነው የሚወርደው። ስለዚህ አዲሷ ሞተር የማታሳየውን ዝገት አሮጊቷ ወዲያው ታሳያለች።

የአጎቴ ልጅ «12 ቮልት እናድርጋትና እንገላገል» አለኝ። አልስማማም። የታመመውን ማያያዣ ሳይነኩ ቮልት መጨመር ሕመሙን መደበቅ ነው። ለዚያውም አምፖሉ፣ ክላክሱ፣ ፍላሸሩ፣ ባትሪውን ለመሙላት ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ሬክቲፋየር ሁሉ መለወጥ አለበት። በትክክል የሚሠራ 6 ቮልት ለዚህች ሞተር ይበቃል።

የግራ ፍሬቻው የማይርገበገብበትንም ምክንያት ከዚሁ አገኘሁት። ፍላሸሩ የድሮው ዓይነት ነው። ውስጡ ያለው ብረት በሚያልፈው ኃይል ሙቀት ነው የሚታጠፈውና የሚመለሰው። መንገዱ ዝጎ የሚያልፈው አምፔር ካነሰ ብረቱ በቂ ሙቀት አያገኝም፤ መብራቱ በርቶ ይቀራል። ጋራዡ የቀየረው ፍላሸር ጤነኛ ነበር።

ኅዳር 14

ዛሬ ማሳውን ያዝኩት። የዚህ ሁሉ ጣጣ ትልቁ ቁልፍ እዚህ ነበር።

መልቲሜትሩን በቮልት ላይ አደረግኩ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የኋላ መብራቱ አምፖል መያዣ ብረት ላይ አስደገፍኩ። ሁለቱም ማሳ ናቸው፤ ልዩነት ሊኖር አይገባም። ፍሬን ሳይያዝ ዜሮ አሳየ። አጎቴ ፍሬን ረገጡልኝ። 1.3 ቮልት! አምፖሉ ሊያገኘው የሚገባ ቮልት ወደ ባትሪው ሲመለስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህን በኦም ብለካው አላገኘውም ነበር። መልቲሜትሩ በኦም ሲለካ የሚልከው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። አንድ ክር የቀረው ሽቦም ለእሱ ይበቃዋል፣ «ደህና ነው» ይላችኋል። አምፖሉ በርቶ፣ ጭነቱ እያለ ቮልት መለካት ነው እውነቱን የሚያወጣው። ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የፍጥነት መለኪያዋ መብራት ምሥጢርም ተፈታ። የኋላው አምፖል ሁለት ክር አለው፣ አንዱ የፍሬን፣ አንዱ የኋላ መብራት። ማሳቸው የጋራ ነው። ማሳው ሲታመም የፍሬኑ ኃይል በቅርብ መመለሻ ያጣል። በሁለተኛው ክር ተመልሶ በቡናማው ሽቦ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በመለኪያዋ መብራት አልፎ ፊት ያለውን ጤነኛ ማሳ ያገኛል። ፍሬን ስትረግጡ ሌላ መብራት አብሮ ከበራ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማሳን ይሁን።

ከወንበሩ ሥር አረንጓዴው ሽቦ ወንዴና ሴቴ ማያያዣ አለው። ስነቅለው ወንዴው በአረንጓዴ ዱቄት ተሸፍኗል። የኋላው መከላከያ ብረት ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቀለም ተቀብቷል፤ አንድ ጊዜ ለማሳመር ብለው ሲቀቧት ማሳውንም አብረው ቀብተውታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቡሎኑን ፈትቼ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪያበራ ፈተግኩት። ማያያዣውን ቆርጬ አዲስ አደረግኩ። ከኋላ መብራቱ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስም አንድ ራሱን የቻለ አረንጓዴ ሽቦ ጨመርኩ። ካጠበቅኩት በኋላ ግራሶ ለኮስ አደረግኩበት፣ ክረምት ላይ ውሃ እንዳይገባው።

እንደገና ለካሁ። ፍሬን ተረግጦ 0.06 ቮልት። የመለኪያዋ መብራት ጠፋች። የግራ ፍሬቻው መርገብገብ ጀመረ። አጎቴ ከኋላ ዞረው ሲያዩ ቆዩና ሳይናገሩ ወደ ቤት ገቡ። ወዲያው ቡና ይፈላ ሲባል ሰማሁ።

ኅዳር 17

ባትሪው ሞቷል። ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ ጠዋት 5.4 ቮልት ነው የሚያሳየው። ጤነኛ የ6 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ከ6.3 እስከ 6.4 ማሳየት አለበት። የሞተር 6 ቮልት ባትሪ ዛሬ በየሱቁ አይገኝም። በቻርጅ በሚሠሩ የቤት መብራቶች ውስጥ የሚገባው 6 ቮልት 4.5 አምፔር ሰዓት የሆነው ድፍን ባትሪ ግን የትም አለ። አጎቴ ከመብራት ጥገና ቤት አዲስ አመጡልኝ። ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ እንዳይንቀጠቀጥ ዙሪያውን ከካላማዳሪያ ጎማ ቆርጬ ደገፍኩት።

ድፍን ባትሪ ከመጠን በላይ ቻርጅ አይወድም። ውሃ የሚጨመርበት ቦታ የለውም፣ ከደረቀ አለቀለት። ስለዚህ ከመትከሌ በፊት ሬክቲፋየሩን አየሁት። በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል፤ ደህና ነው። ሞተሩን አስነስቼ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ከፍ ባለ ነዳጅ ለካሁ፣ 7.1 ቮልት። ከዚህ ብዙ ካለፈ ይጎዳዋል፣ ከ6.6 ካነሰ ደግሞ አይሞላም።

ኅዳር 20

አሁን የቀረው ሲሞቅ የሚጠፋው ሞተር ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን ነቅዬ በእግር መታኋት። ተነሳች። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው እሳት ከፍላይዊሉ፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ባለ ማግኔት ጎማ፣ ቀጥታ ነው የሚመጣው ማለት ነው፤ ባትሪውና መብራቱ ከዚህኛው ብልሽት ውጪ ናቸው። ነድቼ አሞቅኳት። ጅጋ ሳልደርስ ቀጥ አለች። ዳር አውጥቼ ካንዴላውን ፈትቼ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ጋር አስነክቼ መታሁ። እሳቱ ቢጫ፣ ቀጭን፣ አንዳንዴም የለም። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ነው፤ ጠሽ ሲል ይሰማል።

ቦቢና ከመወንጀሌ በፊት ቅድም ያልኳችሁን ጥቁር ባለ ነጭ መስመር ሽቦ ነቀልኩ። ይህ ሽቦ የሆነ ቦታ ሻሲውን ከነካ እሳት ይሰርቃል፣ ነቅሎ ማየት ደግሞ ምንም አያስወጣም። ለውጥ የለም። ነጻ ሆነ።

የግራውን ሽፋን ከፈትኩ። ፖይንቱ፣ ማለትም ሞተሩ በዞረ ቁጥር ከፈት ዘጋ የምትለው ትንሿ መቁረጫ፣ በፍላይዊሉ መስኮት ትታያለች። ጥላ ፈልጌ ሰውነቴን ከልዬ በእጄ አዞርኩት። ፖይንቷ ስትከፈት መሐሏ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። እሳቱ ካንዴላው ላይ መዝለል ሲገባው እዚህ እየባከነ ነው። ይህን ብልጭታ መዋጥ የኮንደንሰሩ ሥራ ነው። አሮጌ ኮንደንሰር ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ሲሞቅ ያመልጠዋል።

ከደብረ ማርቆስ ያስመጣሁት የአሮጌ መኪና ኮንደንሰር ኪሴ ውስጥ ነበር። እነዚህ ብዙውን ጊዜ 0.2 ማይክሮፋራድ ገደማ ናቸው፤ ለዚህች ሞተር ይስማማል። እዚያው መንገድ ዳር ላይ፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ ሽቦውን ከፖይንቱ መስመር ጋር፣ ቆርቆሮውን ከማሳ ጋር አያያዝኩት። መታሁ። ካንዴላው ላይ ሰማያዊ እሳት ጠሽ አለ። እረኞቹ ልጆች «ያዘ! ያዘ!» እያሉ ጮሁ።

ቤት ስደርስ የድሮውን ቆርጬ አወጣሁ። አዲሱን ከሞተሩ ሙቀት አርቄ ከታንኩ ሥር በቡሎን አሰርኩት። ፍላይዊሉ አጠገብ መልሶ መትከል ያንኑ ሙቀት መልሶ መስጠት ነው። ፖይንቷ አንድ ጎኗ ላይ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ ሠርታ ነበር። በቀጭን ሞረድ አስተካከልኩ፣ ቤንዚን በነካ ንጹሕ ወረቀት ጠረግኩ፣ ክፍተቷን 0.35 ሚሊሜትር ላይ አቆምኩ። የካንዴላው 0.6 ነው።

ኅዳር 24

ፍኖተ ሰላም ደርሰን መጣን። አጎቴ ነዱ፣ እኔ ከኋላ። ፀሐይዋ ለሞተርም ለሰውም ከባድ ነበረች። ጅጋን አልፈን ሳትጠፋ ገባች። ገበያው ዳር ሞተሩ እንደጋለ አጥፍተን ወዲያው አስነሳናት፤ በመጀመሪያው ተነሳች። ስንመለስ መሽቶ ነበር። የፍሬኑ ቀይ ከኋላችን በመጣው መኪና መስታወት ላይ ሲበራ አየሁት። መኪናው ርቀቱን ጠብቆ ነው ያለፈን።

ቤት ስንደርስ የባትሪውን ቮልት ለካሁ፣ 6.35። የኋላውን ማሳ ደግሜ ለካሁ፣ እንደነበረ ነው።

የቀሩ ነገሮች አሉ። የኋላ ፍሬን ስዊች ስፕሪንጉ ላልቷል፣ ፔዳሉ ትንሽ ሳይወርድ መብራቱ አይበራም። ክላክሱ ተሽሏል፣ ከጀርባው ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን ግን ገና አልነካሁም። ከወንበሩ ሥር አይጥ የቀመሰችው ብርቱካናማ ሽቦ በናስትሮ ነው ያለው፤ በአዲስ ይቀየራል። የፊውዙ መለዋወጫ ወንበሩ ሥር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ አጎቴ ደግመው መዳብ እንዳያስገቡ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ጎረቤታቸው ደግሞ የራሱን ሞተር ገፍቶ አምጥቶ በር ላይ አቁሟል፤ እሷም ፍሬን ሲረገጥ ሌላ መብራት ታበራለች። ነገ ጠዋት ከማሳዋ እጀምራለሁ።